ሙቅ ያልተቀባ ሸማ

ባሌና ታላቅ ወንድሙ ሸማኔዎች ነበሩ። በጋብቻ ወደዚያ ቤት ስገባ ጣሊያን ገና አልመጣም፤ የሽመናው ቤትም በሸዋ ሮቢት ገበያ የታወቀ ነበር። የባሌን ታላቅ ወንድም ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። በወጣትነታቸው ከአሊዩ አምባ ነጋዴዎች ጋር ሐረር ድረስ ሄደው አንድ የጨርቅ ነጋዴ ቤት አገልግለዋል። ነጋዴው አጭር ክንድ ያለው ሰው ፈልጎ እያስለካ፣ የሳሳውን ሸማ ሙቅ እያስቀባ ይሸጥ ነበር። ጋሼ ደግሞ ጨርቁን ለገዢው እየዘረጉ «ወፍራም ነው» እንዲሉ ይታዘዛሉ። ይህ ነገር ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም። «እዚያ ቤት የበላሁት እህል ሁሉ ሐራም ነው» ይሉ ነበር።

የሙቁ ነገር እንዲህ ነው። ክሩ የተቆጠበበት ሸማ ቀጭን የዱቄት ሙቅ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ድርቅ፣ ጥብቅ ይልና ወፍራም ይመስላል። አንድ ቀን ወንዝ ወርዶ ሲታጠብ ሙቁ ይለቅና ወንፊት ይሆናል። የለበሰው ሰው ያን ጊዜ ቢናደድም ሻጩ የሌላ አገር ገበያ ላይ ነው።

ጋሼ የራሳቸውን ቤት ሲያቆሙ ሙቅ ከደጃቸው እንዳይደርስ አሉ። ክንዱን የሚለካው ከሸማኔዎቹ ሁሉ ረጅሙ ሰው ሆነ። ገበሬው በአዝመራ ወቅት ግብር አስጨንቆት ጥጡን በወረደ ዋጋ ሲያቀርብ ጋሼ ጥጥ በሚወደድበት ወር ዋጋ ይገዙታል። የእኔ ሥራ ጥጡን ፍሬው እንዲወጣ ማስዳመጥ፣ ለፈታዮች ማደልና ፈትሉን መረከብ ነበር። ፈታዮቹ የሮቢ ወንዝ ዳር ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ባል የሞተባቸው። ፈትል ያመጣች ሴት ድካሟን ሳታገኝ ከደጃችን እንዳትመለስ ጋሼ አጥብቀው አዝዘውኛል።

ስሙ ጥሩ ነበር ስል ኑሮው ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም። ገበያ ላይ የኛ ሸማ ከሌላው ጎን ሲዘረጋ ከበሽታ እንደተነሣ ሰው ልፍስፍስ ብሎ ይታያል። አንዲት የደጋ ሴት ጫፉን በጣቷ እያሸች፣

«ይኼ ሳስቷል» አለች።

«አልሳሳም እናቴ። ሙቅ ስለሌለው ነው የለሰለሰው። አጥበሽ እይው» አሏት ጋሼ።

«ሳልገዛው እንዴት አድርጌ ነው የማጥበው?»

 ሴትየዋ ከጎናችን ድርቅ ያለውን ገዝታ ሄደች። እንዲህ ያለው ቀን ብዙ ነው። ቤቱን ያቆመው አንድ ጊዜ ተታለው አጥበው ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ከደብረ ሲና የሚወርዱ ጥቂት ቤተሰቦች፣ የመስጊድ ሼሆች፣ ጨው ይዘው የሚመጡ የአፋር ነጋዴዎች።

ከዚያ ጣሊያን ከደሴ በኩል መጣ። ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወጣ የተሠራውን ሸማ በማሽላ ጎተራ ውስጥ ቀብረን ጫካ ገባን። ስንመለስ ቤቱም ሸማውም ደህና ነበር። ጋሼ «አልሐምዱሊላህ፣ ከዚህ የባሰውን አያሳየን» ብለው ሸማኔ እግሩን የሚያስገባበትን የሽመና ጉድጓድ ጠርገው ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ መንገድ መሠራት ተጀመረ፤ ከደብረ ሲና በላይ ተራራውን ሊበሱት ነው ተባለ። በሮቢት ገበያ ዳር ደግሞ ቆርቆሮ የለበሰ መጋዘን ተሠራ። አንድ ጣሊያንና አስተርጓሚው ያዙት።

አቡጀዲ የሚሉት የፋብሪካ ጨርቅ በካሚዮን መጣ። እንደ ወረቀት የተተኮሰ፣ ከጥቅሉ ሲፈታ የሚንኮሻኮሽ። ዋጋውን ሲሰሙ ሰዎች የተሳሳቱ መስሏቸው ደግመው ይጠይቁ ነበር። እውነቱን ለመናገር እሱም ሙቅ መሰል ነገር የተቀባ ነው፤ ሲታጠብ ይሳሳል። ሆኖም አንድም ሰው ሲያማው አልሰማሁም። ከርካሽ ነገር ማንም ብዙ አይጠብቅም። የኛ ሸማ አንዲት ክር ቢበጠስበት ግን ገዢው ከደብረ ሲና ድረስ ወርዶ ይወቅሰናል፤ ብዙ የጠበቀብን እኛ ራሳችን «ጠብቅ» ስላልነው ነው።

ቀጥሎ ጥጥ ለመጋዘኑ ካልሆነ በቀር ለሌላ እንዳይሸጥ አዋጅ ተነገረ። ዋጋውን የሚቆርጠው መጋዘኑ ነው። ተደብቆ የሸጠ አንድ ገበሬ ገበያ መሐል ተገረፈ፤ ጀርባውን ያላየ ሰው የለም። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ለዓመታት ጥጥ ያቀርቡልን የነበሩ ሽማግሌ አህያቸው ላይ የማሽላ አገዳ ጭነው መጡ። ግቢ ገብተው አገዳውን ሲገፉት ከሥሩ ጥጥ አለ።

ጋሼ ደነገጡ። «አባባ፣ ቢይዙዎትስ? ያን ሰው አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ይመልሱት። አልገዛዎትም።»

ሽማግሌው እንደ መሳቅ አሉ። «ጀርባው የኔ ነው። የምገረፈው እኔ፣ የምትፈራው አንተ?»

«እርስዎ ተገርፈውበት የሠራሁትን ሸማ በምን ኅሊና እሸጠዋለሁ?»

«የኅሊናህን ነገር እዚያው ከራስህ ጋር ጨርሰው። እኔ ዛሬ ጨው ይዤ ቤቴ መግባት አለብኝ። የሚጎዳኝ ዋጋውን ሦስት እጥፍ የሚያሳንስብኝ መጋዘኑ ነው ወይስ ቤትህ ድረስ ስመጣ የምትመልሰኝ አንተ ነህ?»

 እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበርና «ጋሼ፣ ይግዙት ግድ የለም፣ እኔ ቶሎ አስዳምጠዋለሁ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌው አገዳውን መልሰው ሸፈኑትና አህያውን እየነዱ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጋሼ ጋር ሰላምታ አቆሙ። ጋሼ ያን ያደረጉት ለሰውየው አዝነው ነው፤ ሰውየው ግን እስኪሞቱ ድረስ እንደ በደል ነው የያዙባቸው። ማን ትክክል እንደነበረ ዛሬም ድረስ መፍረድ ያቅተኛል።

ጥጥ አነሰ። በጓሮ ከተተከሉ ጥቂት የጥጥ ተክሎች ሴቶቹ የሚለቅሙትን ብቻ እየፈተልን ቀረን፤ ሁለት ሸማኔዎች ሥራ ፈተው ሄዱ። ከነሱ አንዱ ጋሼ ያስተማሩት፣ ጨዋታ ወዳድ፣ ሰው የሚወደው ጎልማሳ ነበር። ከመጋዘኑ የፋብሪካ ክር እየወሰደ የራሱን ቤት ከፈተ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራ ሲሰምርለት መጀመሪያ የመጣው ወደኛ ነው፤ አንድ እስር ክር ይዞ።

«ጋሼ፣ ድሩን በዚህ ያድርጉት፣ ማጉን በእጅ ፈትል። ጥጥዎ እጥፍ ይሄድልዎታል። ማንም አይለየውም።»

«እኔ እለየዋለሁ።»

«እርስዎ አይገዙትም እኮ!»

ባሌ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጋሼም ትንሽ ፈገግ አሉና ክሩን በጣታቸው ሲያሹት ቆዩ። በመጨረሻ «እሺ፤ ግን ለሚገዛው ሰው እነግረዋለሁ» አሉ። እኛ ደስ አለን። መላ የተገኘ መሰለን።

ያንን ሸማ ይዘን ገበያ ወጣን። ከደብረ ሲና ለልጁ ሠርግ ኩታ ሊገዛ የወረደ ሰው ዘርግቶ አየው፣ ወደደው። ጋሼ «ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ ብቻ ነው የእጅ» አሉት።

ሰውየው እጁን ሰበሰበ። «ታዲያ ለምን ይወደዳል? ያኛው ሰውዬ ሙሉ የእጅ ፈትል በዚህ ዋጋ እየሸጠ ነው» ብሎ ወደዚያ ጎልማሳ ጠቆመ።

«የሱም እንደኔው ነው።»

«ሰውዬ፣ ሰው አይሙ! እርስዎን የመሰለ ሽማግሌ በገበያ ቀን የሰው እንጀራ ይዘጋል?»

ሄዶ ከጎልማሳው ገዛ። ወሬው በገበያው ዞረና እስከ ማታ ጋሼ ቀናተኛ ተብለው ዋሉ። ጎልማሳው ራሱ መጥቶ «ጋሼ፣ እኔ ምን አደረግሁዎት?» አላቸው፤ ከልቡ ተከፍቶ። ጋሼ ሸማውን አጣጥፈው፣ የቀረውን የፋብሪካ ክር መልሰው ሰጡትና ከዚያ ወዲያ አልነኩትም።

ዝናብ ሊገባ ሲል አስተርጓሚው ቤታችን መጣ። ከሌላ አገር የመጣ፣ ጫማውን የሚያስወለውል ሰው ነው። ሳይቀመጥ ጋቢ እንደሚፈለግ ነገረን፤ ብዙ ጋቢ፣ የእጅ ሥራ፣ ወፍራም።

«ለማን ነው?» አሉ ጋሼ።

«ላይ ላሉት ወታደሮች ነው። ደብረ ሲና ብርዱ ፈጃቸው። አንተ ጋ ያለው ጋቢ ጥሩ ነው ተባለ።»

ከዚያ ገበያ ሁሉ የኛን ጋቢ ጥራት አምኖ ቤታችን ድረስ የመጣ እሱ ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ አሰብኩ።

«ጥጥ የለኝም» አሉ።

«ጥጡን መጋዘኑ ይሰጥሃል። ዋጋህንም ሳትጀምር ትቀበላለህ።»

ጋሼ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። «እጄን አሞኛል። መወርወሪያ መያዝ አቅቶኛል።»

«ወንድምህስ?»

ባሌ መሬት መሬት ያይ ነበር። ጋሼ «እሱንም አሞታል» አሉ።

አስተርጓሚው ሁለቱን በየተራ አያቸው። «እንግዲህ ሲሻላችሁ እናያለን» ብሎ ወጣ።

በሩ ሳይዘጋ ባሌ ተነሣ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። «ጋሼ፣ ስለኔ ለምን መለሱ?»

«ታዲያ ምን ልበል? እነዚያ ወታደሮች እዚያ ደጋ ምን እንደሚሠሩ እያወቅህ? ሲነጋ መንደር ያቃጥላሉ፣ ብርድ ሲጠናባቸው ወደ ካምፓቸው ይመለሳሉ። እኔ ብርዱን ላስታግሥላቸው?»

«እርስዎ ባይሠሩ ሌላው ይሠራዋል።»

«ይሥራው።»

«የኔ ልጅ ስትራብ እያዩ ሐላሉ ምኑ ላይ ነው? የጎረቤት ልጅ የፋብሪካ ክር በልታ ደልባለች!»

«አንተ ልጅ፣ አፍህን ጠብቅ» አሉት ጋሼ። ልጃችን እውነትም ከስታ ነበር። ባሌ መወርወሪያውን ከጉድጓዱ አንሥቶ በጋቢው ጠቅልሎ ወጣ። ጋሼ ክሩን ከመለሱለት ጎልማሳ ቤት ገብቶ የወታደሮቹን ጋቢ መሸመን ጀመረ።

እኔ ከሁለቱም ቀረሁ፣ ወይም ሁለቱም ጋ ነበርሁ። ጠዋት ጋሼ ዘንድ ከሴቶቹ ፈትል እረከባለሁ፤ ወደ ማታ ባሌ ያመጣውን ማሽላ እፈጫለሁ። ከዚያው ማሽላ ቂጣ ጋግሬ ለጋሼ ስወስድላቸው ከየት እንደመጣ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም። መብላታቸውን አይቼ እወጣለሁ። ወንድማማቾቹ መስጊድ አንድ ረድፍ ላይ ቆመው ሰግደው ሲወጡ በተለያየ በር ይሄዳሉ።

«ሲሻላችሁ እናያለን» ያለው ሰው አልረሳንም። ሙያ የሌለውና ሥራ የፈታ ሁሉ ለመንገድ ሥራ ይውጣ ሲባል የጋሼ ስም ከተጠሩት መሐል ነበር። እኔ እየሮጥሁ ጎልማሳው ጋ ሄድሁ፤ መጋዘኑ ውስጥ ሰው ያውቅ ነበርና። «ነገርኩላቸው እትዬ» አለኝ በኋላ፣ «አንድ ቃል ብቻ ይበሉ አሉኝ፤ እሠራለሁ ይበሉ። ጋሼ ግን አይሉም።» እውነቱን ነበር። ጋሼ ወደ ደብረ ሲና በሚወጣው መንገድ ድንጋይ ሊፈልጡ ተወሰዱ።

የተመለሱት በሰው ተደግፈው ነው። ትኩሳት ይዟቸዋል፣ ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ታስሯል። ሌላ ሰው የያዘው መዶሻ ስቶ ጣታቸውን ጨፍልቆታል። ጨርቁን ፈትቼ ሳጥብላቸው እያዩ «ዋሽቼ ነበር» አሉኝ፤ «አሞኛል ብዬ ዋሸሁ፤ አላህ እውነት አደረገው።» አይዝኑ ብላቸው፣ እያለቀስሁ ብነግራቸው፣ ያንን ሐሳብ ከራሳቸው ማውጣት አልቻልሁም። እንደ ቅጣት ተቀበሉት። እጃቸው ከዚያ በኋላ መወርወሪያ አልያዘም። ባሌ ሰምቶ መጣና በሩ ላይ ቆመ። «ግባ» አሉት። ገባ፣ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ሁለቱም ስለ ጋቢው ምንም አልተነጋገሩም። ሲነጋ ግን ወደዚያው ሥራው ሄደ። ሌላ የምንበላው አልነበረንም።

ጎተራ ውስጥ የተቀበረው የድሮ ሸማ አሁንም ነበር። ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ከተሠራው ሁሉ ምርጡ። ጋሼ በዚያ ላይ ተስፋ ነበራቸው፤ ዋጋ ሲመለስ ሸጠው ጥጥ ሊገዙበት፣ ሴቶቹን ሊሰበስቡበት፣ ባሌን ሊመልሱበት። እኔ በየጊዜው እያወጣሁ አናፍሰዋለሁ፣ አይጥ እንዳይነካው።

በበጋው ከኛ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ አንድ መንደር ተቃጠለ። ለአርበኞች እህል አቀበላችሁ ተብሎ ነው። የተረፉት የሟቾቹን ሬሳ በቃሬዛ ይዘው ወደ ቆላው ወረዱ፤ ዘመዶቻቸው ሮቢት ዙሪያ ነበሩና። ፀሐዩ ይፋጃል፣ መቆየት አይቻልም፤ ከፈን ግን የለም። መጋዘኑ ለነሱ አቡጀዲ የሸጠ ሰው አብሯቸው ይቆጠራል ተብሎ ተዘግቷል። የመስጊዱ ሼህ ወደኛ ግቢ መጡ። ለመጠየቅ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጋሼ «ጎተራውን ክፈቺ» አሉኝ።

አወጣሁት። በግራ እጃቸው ይዘረጉታል፣ እኔ እቆርጠዋለሁ። ጥለት ያለበትን ጥለቱን እየቀደድን ጣልን። ለልጆች የሚሆነውን መቁረጥ አልቻልሁም፤ ጋሼ ቢላዋውን ተቀብለው በግራቸው ቆረጡት። በመሐሉ ጎልማሳው መጣ። አንድ ጥቅል አቡጀዲ ትከሻው ላይ ነበር፤ ደጃፉ ላይ አስቀምጦ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ወጣ። ቢታወቅበት ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሚስቱን የሚቀብር አንድ ሰው የቆረጥንለትን ሸማ ተቀብሎ ሊሄድ ሲል ቆም አለ። በአውራ ጣቱ አሸው፣ ከጉንጩ ጋር አስነካው።

«ይህን የመሰለ ሸማ የት ነበር?» አለ። «አንድ ቀን እንኳ አልለበሰችም።»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጎተራው ባዶ ሲሆን የቤቱም ነገር አከተመ። ጥጥ የሚገዛበት የለም፤ ፈታዮቹም ተበተኑ። ጠንከር ያሉት ለመንገዱ ጠጠር በጭንቅላታቸው መሸከም ጀመሩ፤ ሌሎቹ ለጎልማሳው ማግ ይፈትላሉ። ከሁሉ ቀጭን ፈትል የምትፈትልልን የወንዝ ዳር ሴት ጠጠር ከሚሸከሙት ጋር ነበረች። መንገድ ላይ ሳገኛት ቅር ያላት መስሎኝ ላጽናናት ሞከርሁ።

«እትዬ፣ እናንተ አላስቀየማችሁኝም» አለችኝ። «እንደናንተ የከፈለኝ የለም። ግን የናንተ ሥራ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ፈትሉ ጥሩ ካልሆነ ትመልሱታላችሁ፣ ጥጥ ካለቀ ጠብቂ ትሉኛላችሁ። እዚህ የሚሰጡኝ ትንሽ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አይቀርም። ልጆቼ የሚበሉት በየቀኑ ነው።»

ጠጠሯን አንሥታ ሄደች። ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

ጋሼ ጣሊያን ሳይወጣ ሞቱ። ትኩሳቱ እየተመላለሰ ነው የጨረሳቸው። የከፈናቸው ባሌ ነው፤ በአቡጀዲ፣ ሌላ ስላልነበረ። መቃብር አውርዷቸው ሲወጣ ልብሱ ላይ ያለውን አፈር ለማራገፍ አልፈለገም፤ እንዲሁ ዋለ።

ጣሊያን ሲሄድ መጋዘኑ ተዘረፈ፣ የፋብሪካ ክር ጠፋ፣ አቡጀዲም የማይቀመስ ሆነ። ያን ጊዜ ሰው የእጅ ፈትል ሸማ ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረ። ሙቅ ያልተቀባ ነው ወይ እያሉ የሚጠይቁ እንኳ መጡ። ባሌ ጉድጓዱን ጠረገ፤ እኔም ያችን የወንዝ ዳር ሴት ፈልጌ የተነደፈ ባዘቶና እንዝርት ይዤላት ሄድሁ። ደስ ብሏት ተቀመጠች። ጣቶቿ ግን ሌላ ሆነው ነበር፤ ቆዳው ደንድኖ ተሰነጣጥቋል፣ ጥጡ እየተያዘበት ፈትሉ ይበጠሳል። ቀጠለችው፣ ተበጠሰ። ደግማ ሞከረች። ሌሎቹም ጋ ሄድሁ፤ አንዷ ሞታለች፣ አንዷ አገር ለቃለች፣ ለጎልማሳው ወፍራም ማግ ሲፈትሉ የኖሩት ለድር የሚሆን ቀጭን ፈትል አይወጣላቸውም፣ የቀሩት እንደሷ ናቸው።

ባሌ ፈትል አገኛለሁ ብሎ ጥቂት ወራት ከጠበቀ በኋላ የሽመናውን እንጨት ለቤት ክዳን አዋለው። በርበሬ መነገድ ጀመርን።